አንሰረዝም ያሉ አፖች

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሙኒያ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለው የአሠሪዎቿ ቤት ጣሪያ ላይ አንሶላ ስታሰጣ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ጂብሪል ነበር፤ ከወሎ፣ ከደጋን ከተማ በላይ ካለችው መንደራቸው። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሳትም።

«ሙኒያ! ስልክ ገዛሁ! በጣት የሚነካውን፣ ምስል የሚያሳየውን!»

ሙኒያ እልል አለች። አንሶላው ከእጇ አምልጦ ግቢው ውስጥ የቆመው የውሃ በርሜል ላይ አረፈ።

«ታዲያ ከአባባ ጋር ልንተያይ ነዋ!»

ጂብሪል ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እሱን ነው የምነግርሽ» አለ። «እስከ ዛሬ የደበቅሁሽ ነገር አለ። አባባ ሞታለች ብሎ ቆርጧል።»

«ማን ሞተች?»

«አንቺ።»

አባታቸው ረሺድ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ከሰው ጋር የሚግባባው በእጁ ነው፤ እሱም ማንም አስተምሮት ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር እየፈጠሩ፣ እየጨመሩ ባበጁት ቋንቋ። ሙኒያ ማለት ሲፈልግ ጉንጩን በጣቱ ይወጋል፤ ሙኒያ ስትስቅ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ይላላ። ጂብሪል ሲል ጆሮውን ይቆነጥጣል። የመጀመሪያ ልጁ እሷ ነበረችና ከልጅነቷ ጀምሮ ገበያ ቢወርድ፣ ቀበሌ ቢጠራ፣ ጆሮውም አንደበቱም ሆና ያደገችው እሷ ናት። ሱዳን ከገባች ወዲህ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ሌላው ቤተሰብ በስልክ ድምጿን ይሰማል፤ አባቷ የሚያየው ልጁ የሆነ ቁራጭ ነገር ጆሮው ላይ ለጥፎ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ነው። ከዚያ «ደህና ናት» ይሉታል በእጃቸው።

አምና የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ሲደርስ ኔትወርክ ለወራት ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ልጅ ከዓረብ አገር መርዶዋ መጣ። ረሺድ ለቅሶው ቤት ተቀምጦ የሴቶቹን አፍ፣ የወንዶቹን አንገት ማቀርቀር አየና ቤቱ ገብቶ ጉንጩን ወጋ፤ ከዚያ መዳፉን መሬት ላይ ዘረጋ። ሙኒያም ከመሬት በታች ናት ማለቱ ነበር። ቤተሰቡ ቢምል ቢገዘት አላመነም። መርዶ እንደሚደበቅ ያውቃላ። ለማጽናናት ፎቶዋን ሲያሳዩት ጭራሽ ባሰበት፤ ለቀስተኛ የሚያለቅሰው ፎቶ ይዞ አይደል?

«ፍየልሽን እንኳ ሳይቀር ለነፍስሽ ብሎ አርዶ ሰደቃ አወጣ» አለ ጂብሪል። «አሁን ግን አርብ አስር ሰዓት ላይ ይዤው ደጋን እወርዳለሁ። መንደር ላይ ኢንተርኔቱ አይሠራም። ፊትሽን ይየው። እጅሽን ይየው። ኢንሻአላህ ያኔ ያምናል።»

«ኢንሻአላህ!» አለች ሙኒያ። አንሶላውን ለማንሳት ደረጃውን የወረደችው በሩጫ ነው።

ችግሩ የራሷ ስልክ ነበር።

ስልኩን የገዛችው ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ የኔትወርክ ኩባንያው ከሲም ካርድ ጋር አንድ ላይ ሲሸጥ ነው። ገና ከካርቶኑ ስታወጣው ሃያ ምናምን አፕ ተሸክሞ ነበር። አንዱ የኳስ ወሬ ያወራል። አንዱ የጥሪ ዜማ ይሸጣል። አንዱ ኮከብሽ ዛሬ እንዲህ ይላል እያለ ጠዋት ጠዋት ይነዘንዛል። ከፍታቸው አታውቅም፤ እነሱ ግን ራሳቸውን ይከፍታሉ፣ በየወሩም ይወፍራሉ። የገዛ ፎቶዎቿን እየሰረዘች ቦታ ስትለቅ እነሱ ገብተው ይተኙበታል። ልታጠፋቸው ስትነካቸው ደግሞ «ሰርዝ» የሚለው ቃል የለም።

ያን ዕለት ማታ ምስል የሚያሳየውን የመደወያ አፕ ለማስገባት ሞከረች። «በቂ ቦታ የለም» አለ ስልኩ በዓረብኛ። የቀሩትን ፎቶዎች ሰረዘች። «በቂ ቦታ የለም።» ዘፈኖቹን ሰረዘች። «በቂ ቦታ የለም።» አሠሪዎቿ እንዳትለምናቸው በዚያው ቀን ለሰርግ ወደ መደኒ ከተማ ሄደዋል። ዴም በሚባለው ሰፈር አብረዋት ክፍል የተከራዩት ሴቶች ደግሞ ግማሾቹ ያንኑ ስልክ የገዙ፣ ግማሾቹ የቁልፍ ስልክ የያዙ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት ዴም ወደሚገኘው ወደ ሂሻም ስልክ ጥገና ሄደች። ሂሻም ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና በዓረብኛ፣ «እህቴ፣ እነዚህ አይጠፉም» አላት። «ኩባንያው ነው የተከላቸው። ከስልኩ ጋር የተወለዱ ናቸው።»

«ቤቱ የኔ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው አንነሳም ሲሉ ዝም ልበል?»

«ወላሂ ሌላ ስልክ ግዢ ነው የምልሽ።»

ሙኒያ ስልኳን አንስታ ልትወጣ ስትል በሩ አጠገብ ዱካ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ በአማርኛ ጠሯት። ጋሽ አምኃ ይባላሉ። በወጣትነታቸው በፖለቲካ ምክንያት ድንበር ተሻግረው ካርቱም ከገቡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አሁን ለስደተኛው ወረቀት እየተረጎሙ ነው የሚኖሩት። ወደ ሂሻም የመጡት መስተዋቱ የተሰነጠቀውን የልጃቸውን ስልክ ሊወስዱ ነበር፤ ሂሻም ግን እሑድ ኑ ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ ምን አደረጉሽ እነዚህ አፖች?» አሏት።

ሙኒያ የተጠየቀችውን ብቻ ልትመልስ አሰበች፤ ግን አንዴ ስትጀምር አባቷን፣ ለቅሶውን፣ ፍየሏን፣ የአርቡን ቀጠሮ ሁሉ ዘረገፈችው። ጋሽ አምኃ ሰምተው ሲጨርሱ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

«ልጄ ዮሳቤጥ የክሊኒክ ኮምፒውተር ነው የምትጠግነው። ነገ ከጁምዓ በኋላ ሳጃና ሰፈር፣ ቤታችን ነይ። እሷ አይቻልም ካለች ያኔ አይቻልም።»

አርብ ሙኒያ ሳጃና ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። በሩን የከፈተችላት ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ሴት ናት። ዮሳቤጥ የተወለደችው እዚያው ካርቱም ስለሆነ አማርኛዋ ይሰበራል፤ ፍጥነቷ ግን አይሰበርም።

«አህለን፣ አህለን፣ ግቢ! ስልኩ የታለች? ቀጠሮሽ አስር ሰዓት ነው አባቴ አለኝ። ሁለት ሰዓት አለን፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

«የለንም» አለች ሙኒያ። «አገር ቤት በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ የነሱ አስር የኛ ዘጠኝ ነው። ያለን አንድ ሰዓት ብቻ ነው።»

ዮሳቤጥ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተች። «ያላ፣ እንጀምር!»

መጀመሪያ የስልኩን ሴቲንግ አስከፍታ አንድ ቁጥር ላይ ሰባት ጊዜ እንድትነካ አደረገቻት። በሰባተኛው ላይ ከታች አንድ የዓረብኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። ሙኒያ ቁርዓን ቤት የቆጠረችውን ፊደል ይዛ አነበበች። «ሙ… ጠ… ዊር። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስልክ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ አይደል? እነሱን ነው። አሁን አንቺም ሆንሽ እያለ ነው።»

«እኔ?» ሙኒያ ሳቋ መጣ። «ሦስት ዓመት ሳህን ሳጥብ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም!»

ዮሳቤጥ ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችው። በላፕቶፑ ገጽ ላይ በተከፈተ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ስም በፈረንጅ ፊደል ወረደ። «ተመልከች፣ በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሄ ነው። አንዳንዱ ስልኩ የሚኖርበት ነው፤ እሱን አንነካም። አንዳንዱ ኩባንያው የጨመረው ነው። ከመሠረቱ አይነቀልም። ግን ካንቺ ፊት ይነሳል፤ የሰበሰበውን ዕቃም ይለቃል።» ከዚያ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠቻት። «የምናጠፋውን ሁሉ ስሙን ጻፊ። ፊደል በፊደል።»

ሙኒያ የፈረንጅ ፊደል ማንበብ አትችልም፤ እጇ ግን ያየውን ይዞ መቅዳት ያውቃል። አሠሪዋ ትራስ ላይ የምታስጠልፋትን አበባ አንዴ አይታ ነው የምትሠራው። ስሙን ነጥቡ ሳይቀር እንደ ሥዕል ቀዳችው።

ዮሳቤጥ አንድ መስመር ጻፈች። «የመጀመሪያውን አንቺ ምቺው። ይቺ ትልቋ ቁልፍ።»

ሙኒያ «ቢስሚላህ» ብላ መታችው። ጥቁሩ ሰሌዳ አንዲት ቃል መለሰ።

«ተሳካ ይላል!» አለች ዮሳቤጥ።

ስልኩን አነሳች። ዓመት ከመንፈቅ ጠዋት ጠዋት የነዘነዛት የኮከብ ቆጣሪው ምስል የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። በጣቷ ነካችው። ባዶ! ሙኒያ ዘላ ዮሳቤጥን አቀፈቻት፤ ጋሽ አምኃ ከውስጥ ክፍል ምን ተፈጠረ ብለው ወጡ።

«ሄደ፣ ጋሼ! ሄደ!»

«ማን?»

«ኮከቡ!»

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። የኳስ ወሬኛው ሄደ። የጥሪ ዜማ ሻጩ ሄደ። ሦስቱ ጨዋታዎች ተከታትለው ሄዱ። ሙኒያ ስም ትቀዳለች፣ ዮሳቤጥ ትጽፋለች፣ ሙኒያ ቁልፉን ትመታለች፣ ጋሽ አምኃ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «አስራ ሁለት! አስራ ሦስት!» እያሉ ይቆጥራሉ። በእያንዳንዱ ምት ስልኩ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ከፍ ይላል። ሙኒያ ዓይኗን ከዚያ ቁጥር ላይ መንቀል አቃታት። ለአፑ የሚበቃው ቦታ እንደ ደመና ጥላ ቀስ እያለ መጣ፣ መጣ፣ ደረሰ፣ አለፈም።

«ይበቃናል» አለች ዮሳቤጥ።

«ይሄንንስ?» ሙኒያ በጣቷ አንድ ስም አመለከተች። «አጀማመሩ እንደነዚያው ነው። የነሱ ነው።»

«የነሱ ነው፣» አለች ዮሳቤጥ ስሙን በልማድ ጽፋው፣ «ግን ምን እንደሚሠራ አላወ…»

ሙኒያ መታችው።

የስልኩ ገጽ ጠፋ። ምስል የለም፣ ሰዓት የለም፣ ምንም የለም፤ ጥቁር ብቻ። አጥፍታ አበራችው። የኩባንያው ምልክት ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ መልሶ ጥቁር ሆነ።

«ያ ረብ!» ዮሳቤጥ ጭንቅላቷን ያዘች። «የቤቱን በር ነው ያጠፋነው! ኩባንያው ፊት ለፊቱን ሁሉ በራሱ ቀይሮት ነበር። ወደ ሁሉም የሚያስገባው እሱ ነው።» በድንጋጤ ላፕቶፑ ላይ የነበረውን ጥቁር ሰሌዳ ዘጋችው፤ ዘግታ እንደጨረሰች ደግሞ የጻፉት ሁሉ አብሮ መሄዱን አየች።

ሙኒያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከተች። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ። አባቷ ይሄኔ የተራራውን መንገድ ጨርሶ ደጋን ገብቷል። ወጣ ወረድ አድርገው፣ ስልክ ፊት አስቀምጠው፣ ማንም ካልመጣለት፣ ከእንግዲህ የሚያሳምነው ፍጡር የለም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቸኩዬ ያበላሸሁት እኔው ነኝ።»

«ማልቀሱ ይቆይ» አሉ ጋሽ አምኃ ዝግ ባለ ድምፅ። «ዮሲ፣ በገመዱ በኩል ስልኩ አሁንም ይታይሻል?»

ዮሳቤጥ ሰሌዳውን እንደገና ከፍታ አየች። ፊቷ በራ። «አይዋ! አለ! ከመሠረቱ አልተነቀለም፣ ተመለስ ሊባል ይችላል። ስሙን ግን… ስሙ ረጅም ነበር፣ ከእነዚያ ውስጥ የትኛው…»

ሙኒያ ደብተሩን ዘረጋችላት። የመጨረሻው መስመር፣ ነጥቡ ሳይቀር።

«ጽፈሽው ነበር?»

«ከመምታቴ በፊት።»

«አንቺ ልጅ!» ዮሳቤጥ ደብተሩን ሳመችው። በችኮላ ጻፈች፤ አንድ ፊደል ሳተች፤ ሰሌዳው አላውቀውም አለ። ጋሽ አምኃ መነጽራቸውን አድርገው ከደብተሩ ላይ ፊደል በፊደል አነበቡላት። እንደገና ጻፈች። ሦስቱም ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

ስልኩ ብልጭ አለ። ሰዓቱ፣ ቀኑ፣ ምስሎቹ ተመለሱ፤ እነዚያ አስራ ሰባቱ ግን አልተመለሱም።

ጩኸታቸው ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። የመደወያውን አፕ ማስገባት ሲጀምሩ ለዘጠኝ አስር ጉዳይ ነበር። አረንጓዴው መስመር ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆሞ የቆየ መሰላቸው፤ ዮሳቤጥ በዓረብኛ ትሰድበዋለች፣ ሙኒያ ትለምነዋለች። በመጨረሻ ገባ። የማረጋገጫ ቁጥሩ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ሁለት ደቂቃ ላይ ሙኒያ የጂብሪልን ስም ነካች።

መጀመሪያ የታየው የጂብሪል አገጭ ነው። ከዚያ ጢሙ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሲለያዩ ያልነበረው ጢም። «ሙኒያ! ወላሂ ሙኒያ ናት!» ብሎ ጮኸና ስልኩን አዞረው።

አባቷ አንድ ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፣ ጺሙ ነጥቷል። ገጹን አየው፤ ዓይኑን ወዲያው ነቀለ። በእጁ ለጂብሪል የሆነ ነገር አለው።

«ምን አለ?» አለች ሙኒያ፣ ምንም እንኳ የእጁን ንግግር እሷው በደንብ ብታየውም።

«ቴሌቪዥን ነው አለ። ቴሌቪዥን ውስጥ የሞቱ ሰዎችም ይንቀሳቀሳሉ አለ።»

ሙኒያ ስልኩን ለጋሽ አምኃ አስያዘች፤ ሁለቱም እጆቿ ያስፈልጓታል። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደችና ጺም እንደሚጎትት ሰው አገጯን ሁለት ጊዜ ሳበች። የአባቷ ስም ነው። ከዚያ ጉንጯን ወጋች። ከዚያ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። አባባ፣ ሙኒያ፣ እዚህ ነኝ።

ረሺድ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። በጥርጣሬ ዓይኑን አጠበበና፣ ችኩል በሆነ የእጅ ምልክት፣ አፍንጫሽን ያዢ አላት። ያዘች። ጆሮሽን፤ ግራውን። ያዘች። አራት ጣቱን አሳያት፤ አራት አሳየችው። ሁለት፤ ሁለት። እጁን ከጀርባው ደበቀና አፍጥጦ ጠበቀ። ሙኒያ ምን እንደምትመልስ አሰበች፤ ከዚያ ሁለት ጣቷን ግንባሯ ላይ እንደ ቀንድ ቀስራ፣ እጇን ዘርግታ፣ ፊቷን አኮሳትራ ጠየቀችው። ፍየሌን የት አደረስካት?

ይህንን ቴሌቪዥን አይጠይቅም።

ረሺድ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ጥፋተኛ ሕፃን እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበረ፣ በጣቱ ጉሮሮውን ቆረጠ፣ ወደ ሰማይ አመለከተ። ለነፍስሽ።

ትጣፍጥ ነበር ወይ? አለችው ሙኒያ፣ ጣቶቿን ወደ አፏ ሰብስባ።

ከአባቷ ደረት አንድ ድምፅ ወጣ። ሙኒያ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ሌላ ሰው ቢሰማው ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ሲስቅ የሚወጣው ነው። እየሳቀ አለቀሰ። ስልኩን ከጂብሪል ነጥቆ ግንባሩ ላይ ለጠፈው፤ ሙኒያ ለጥቂት ጊዜ የታያት የአባቷ ሽብሽብ ቆዳ ብቻ ነበር። እሷም በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ስቅስቅ አለች፤ ዮሳቤጥ ከኋላዋ ሆና አንድም ምልክት ሳይገባት አብራ ታለቅሳለች።

ረሺድ ስልኩን ሲያርቀው ጋሽ አምኃ ምን ሆነ ብለው ጎንበስ ሲሉ ገጹ ላይ ብቅ አሉ። ረሺድ ሽበታቸውን አየ፣ ሙኒያን አየ። ቀለበት የሚያጠልቅ ሰው ምልክት ሠርቶ ተቆጣ።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ አምኃ።

«አግብተሽ ነው እንዴ ይሄን ሽማግሌ ይላል።»

ዮሳቤጥ ከሳቅ ብዛት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ አምኃ እጃቸውን እያርገበገቡ፣ «የለም፣ የለም፣ ኧረ ንገሪያቸው!» ሲሉ፣ ረሺድ እጃቸው የሚለው ገብቶት እንደገና ሳቀ።

ከዚያ ማንም ሳይጠብቅ ተነሳ። ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ገጹን ወደ ሰው አዙሮ፣ በደጋን ጎዳና ላይ መሄድ ጀመረ። ጂብሪል፣ «አባባ፣ ቻርጁ ያልቃል!» እያለ ከኋላ ይሮጣል፤ መስማት ለማይችል ሰው መጮኹን ረስቶታል። ሙኒያ ሰማይ ታያታለች፣ ከዚያ የሰው ጫማ፣ ከዚያ የሽንኩርት ክምር፣ ከዚያ ተገልብጦ የተሰቀለ የሚመስል መስጊድ። ረሺድ ያገኘውን ሁሉ ያቆማል። ባለሱቁን፣ ባለጋሪውን፣ ከመስጊድ የሚመለሱትን ሽማግሌዎች። ጉንጩን ይወጋል፣ ስልኩን ያሳያል፣ መዳፉን ከመሬት አንስቶ ወደ ላይ ከፍ ያደርጋል። ሰዎቹም ዓይናቸውን ገጹ ላይ ለጥፈው፣ «አንቺው ነሽ እንዴ? አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ።

አንዲት ሻይ ሻጭ አሮጊት ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

«ከስተሻል» አሏት። «እዚያ አያበሉሽም?»

«ይበሉኛል፣ እማማ!» አለች ሙኒያ፣ በደስታ ቃሉ ተምታቶባት፤ ሳጃና ውስጥ ያሉት ሁለቱ፣ ደጋን ውስጥ ያለው ጎዳና በሙሉ ሳቀ። ረሺድ ምን እንደተባለ ባያውቅም ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነበር። ቀጥሎም አሮጊቷ የዘረጉለትን ዳቦ፣ ጂብሪል በኋላ እንደነገራት ሞታለች ብሎ ካዘነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው እጅ ተቀብሎ፣ ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ፣ እሷን እያየ በላ።